ፖምፓውን ከማውረድህ በፊት ሦስት ጠዋት ታገሠኝ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ወረኢሉ ነው። በፈረንጅ 1994 የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለችኝ። ሞተሯ ስሪ ኤል ነው፣ ቱርቦ የላትም። ከአባቴ የወረስኳት ናት። እህል ጭኜ በጉጉፍቱ አድርጌ ደሴ፣ አንዳንዴም እስከ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ብላ አስቸገረችኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ሞተሪኖ ካዞርኩ በኋላ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ እየተፋች ትነሳለች። አንዴ ከሞቀች ግን ቀኑን ሙሉ በአንድ ቁልፍ ነው። ሌላው፣ ከኮምቦልቻ ጭኜ ስመለስ ሐረጎ አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ሙቀቷም ይወጣል። አንድ መካኒክ ፖምፓው ሞቷል፣ አዲስ አበባ ተልኮ ይሠራ አለኝ። ሌላው ደግሞ ሞተሩ ይውረድ አለ። ገንዘቤ ለአንዱም አይበቃም። ምን ይሻለኛል? ወይስ ልሽጣት?»

አብሽር ወንድሜ። ከጻፍከው ውስጥ አንዷ ዓረፍተ ነገር ግማሹን ሥራ ሠርታልኛለች። «አንዴ ከሞቀች ቀኑን ሙሉ በአንድ ቁልፍ ነው» ብለሃል። እንዲህ ከሆነ ለጠዋቱ ችግር ፖምፓውን አልጠረጥረውም።

ለምን መሰለህ? የናፍጣ ፖምፓ ማለት ናፍጣውን ገፍቶ ወደ ሲሊንደር የሚልከው ነው። ሲያረጅ ውስጡ ያለችው ግፊት ሰጪ ፒስተን ትበላለች፤ ክፍተት ይፈጠራል። ናፍጣ ሲቀዘቅዝ ወፈር ስለሚል በዚያ ክፍተት ብዙ አያመልጥም። ሲሞቅ ግን ይቀጥናል፣ ያመልጣል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ስለዚህ ፖምፓው ያረጀ መኪና ጠዋት ደህና ተነስቶ፣ ቀን ላይ ሞተሩ በጋለበት ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ነው እምቢ የሚልህ። አንዳንድ ሾፌሮች መንገድ ዳር ቆመው ፖምፓ ላይ ውሃ ሲያፈሱ አይተህ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ናፍጣውን ለማወፈር ነው። እንዳታደርገው እንጂ፣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የአንተዋ በሽታ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ይህን የምልህ አንድ ጊዜ ራሴ ስለተቀጣሁበት ነው። ከዓመታት በፊት ከደላንታ የመጣ ሰው እንዳንተው «ጠዋት አትነሳም» አለኝ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ እጄም ምላሴም ፈጣን። ፖምፓውን አወረድኩ። ተላከ፣ ተሠራ፣ ተመለሰ። ሰውዬው ሁለት በሬ ሸጦ ከፈለ። በሳምንቱ መኪናዋ ጠዋት አልነሳ አለች። ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ውዬ፣ ከነዳጅ ጋኑ ወደ ፊልትሮ በምትመጣው የጎማ ቱቦ ላይ፣ ቱቦዋን የምታጠብቀው ፋሼታ ሥር፣ የጸጉር ያህል ስንጥቅ አገኘሁ። በሬዎቹን አልመለስኩለትም፤ የምመልሰውም አልነበረኝ። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት እጄን ኪሴ ከትቼ ትንሽ እጠይቃለሁ።

አሁን ወደ መኪናህ። የናፍጣ ሞተር የእሳት ፍንጣሪ የለውም። አየሩን አፍኖ አፍኖ ያግለዋል፤ የአንተው ሞተር ከሃያ እጥፍ በላይ ነው የሚያፍነው። በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ሲረጭ ይነዳል። የወረኢሉ የኅዳር ጠዋት ላይ ግን ብረቱም አየሩም በረዶ ነው። የታፈነው አየር ሙቀቱን ለብረቱ ይሰጥና ናፍጣው ሳይነድ በጭስ ማውጫ ይወጣል። ዓይን የሚያቃጥለው ነጭ ጭስ እሱ ነው፣ ያልነደደ ናፍጣ። ጭሱ ዓይን ባያቃጥል፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ቢኖረው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ባይቆም ኖሮ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው ብዬ እደነግጥልህ ነበር። ያንተ ይጠፋል። ደግ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ለመነሳት ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ማሞቂያው መሥራት አለበት። ናፍጣው አየር ሳይቀላቀልበት መድረስ አለበት። ሞተሪኖው ሞተሩን በፍጥነት ማዞር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ነው የጎደለብህ። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ጠዋት ስጠኝ፤ ወጪ የለውም። ብቻ ውርጭ የጣለበትን ቀን ምረጥ። ደመና ባደረበት ጠዋት ብርዱ ስለሚለዝብ ፈተናው ያታልልሃል።

በመጀመሪያው ጠዋት ማሞቂያውን ብቻ ደጋግም። ቁልፉን ወደ ማሞቂያው አዙር፣ መብራቷ ስትጠፋ ትንሽ ቆይ፣ መልሰህ አጥፋ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርግና አስነሳ። ሌላ ምንም አትንካ። ከወትሮው በግልጽ ቀሎ ከተነሳ ማሞቂያህ ደክሟል።

በሁለተኛው ጠዋት ማሞቂያውን እንደ ወትሮህ አንዴ ብቻ አድርግ። ነገር ግን ከማስነሳትህ በፊት ኮፈኑን ክፈትና የነዳጅ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ በመዳፍህ ተጫናት። ሦስት አራት ጊዜ ተጭነሃት ከጠነከረች መስመሩ ሙሉ ነው፣ አየር የለም። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ተጭነህ ገና ልስልስ ካለች፣ ከዚያ ስትጠነክር ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ከተነሳ፣ ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ጋኑ እየተመለሰ ነው። የሆነ ቦታ አየር ይስባል።

በሦስተኛው ጠዋት ጎረቤትህን አስቸግር። ጥሩ ባትሪ ካለው መኪና በኬብል አገናኝና አስነሳ። ቱር ብሎ ከተነሳ የባትሪ፣ የኬብል ወይም የሞተሪኖ ጉዳይ ነው።

በነገራችን ላይ ሩብ ሰዓት ማዞር የምትለውን ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተው። ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነው የሚሸከመው። ከዚያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይረፍ። አለዚያ ጠዋት አልነሳ ያለችህ መኪና ከሰዓትም አትነሳም፤ ያኔ ችግሩ ሌላ ይሆናል።

የእኔ ግምት ማሞቂያው ነው። ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። አራት ሲሊንደር፣ አራት ማሞቂያ ካንዴላ። ግሎ ፕላግ የሚሏቸው ናቸው። ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ ራስ፣ ጎን ተደርድረው አንዲት ቀጭን የብረት ዘንግ ከላይ ታያይዛቸዋለች። ዳሽቦርድ ላይ መብራቷ በርታ ስለጠፋች ይሠራሉ ማለት አይደለም። መብራቷ የምትነግርህ ሰዓቱ መድረሱን ነው፤ ከአራቱ ሁለቱ ቢቃጠሉም እንደ ልማዷ በርታ ትጠፋለች። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ለመፈተን የምትፈልገው ባለ 12 ቮልት አምፖልና ሁለት ሽቦ ነው፤ ከቆሻሻ መሃል የወደቀ የፍሬቻ አምፖልም ይሆናል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ትንንሾቹን ዳዶዎች ፈትተህ የምታያይዘውን ዘንግ አንሳት። አሁን እያንዳንዷ ካንዴላ ብቻዋን ናት። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አስረው፣ ሌላውን የካንዴላዋ ጫፍ ላይ አስነካ። አምፖሉ ከበራ ካንዴላዋ ደህና ናት። ካልበራ ተቃጥላለች። አራቱንም እንዲህ አድርግ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አራቱም ደህና ከሆኑ ደግሞ ዘንጓን መልስ። ሰው ቁልፉን ወደ ማሞቂያው ሲያዞርልህ አምፖሉን በዘንጓና በሞተሩ ብረት መካከል አድርግ። ካልበራ ኤሌክትሪኩ አልደረሰም፤ ኤሌክትሪኩን የሚያስተላልፈው ሪሌ ወይም ፊውዙ ነው።

የተቃጠለች ካገኘህ ስትገዛ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ላዩ ላይ ቮልቱ ተጽፏል። ለእነዚህ ሞተሮች 12 ቮልት ገደማ የሆነም አለ፣ ወደ 6 ቮልት የሚጠጋም አለ። መኪናዋ በየትኛው እንደምትሠራ ከአሮጌዋ አንብበህ ያንኑ ግዛ። የ6 ቮልቷን 12 ላይ ካሰርካት ጥቂት ጊዜ ፍም መስላ ትቀልጣለች። ጫፏ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ያን ጊዜ እውነትም ሞተር ይወርዳል። አሮጌዎቹን ስትፈታ ሞተሩ ለብ ብሎ ይሁን፤ ማታ ዘይት ቢጤ ጠብ አድርግበት። በካርቦን ተጣብቃ እምቢ ካለችህ በጉልበት አትጣላት፣ ወደፊትም ወደኋላም እያልክ ለምናት።

አንዳንድ ጋራዥ ሪሌው ሲበላሽ ዳሽቦርድ ላይ በተን ይገጥሙልሃል። እኔ አልቃወምም፣ ይሠራል። ግን እጅህ ያለ ልክ ይረዝማል። ለ12 ቮልቷ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ይበቃታል። እንዲህ ያለ በተን ካለህ ቁጠር።

በአየር ማጣሪያው በኩል የሚነፉትን ማስነሻ ስፕሬይ፣ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ፣ እነዚህን ከማሞቂያ ካንዴላ ጋር አብረህ አታምጣ። ካንዴላው እንደ ፍም በጋለበት ያ ጋዝ ሲገባ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። የፒስተኑን ቀለበት፣ ፋሻ የምንለውን፣ ይሰብራል። ከሥር እሳት አንድዶ ዘይት ማሞቅም የደጋ ሾፌር ዘዴ ነው። አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። በአሮጌ መኪና ሥር ምን ምን እንደሚንጠባጠብ ታውቃለህና ምክሬን ልተውልህ።

ሁለተኛው ጠዋት ከመሰከረብህ፣ ማለትም አየር ከሆነ፣ መፈለጊያው ቀላል ነው። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ በሚሄደው መስመር መካከል ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ቱቦ አስገባ፤ ሞተሩን አስነስተህ ተመልከት። አረፋ እየተከታተለ ካለፈ አየር ይገባል። ከዚያ ከፊልትሮ ጀምረህ ወደ ጋኑ ወደ ኋላ ሂድ። የፊልትሮው ጎማ፣ የእጅ ፓምፗ ራሷ፣ የጎማ ቱቦዎቹ ጫፍ፣ ፋሼታዎቹ። ናፍጣ የሚያንጠባጥብ ቦታ አትፈልግ፤ በዚህ መስመር ናፍጣው እየተሳበ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ቀዳዳው አየር ያስገባል እንጂ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አያፈስም። እኔን የደላንታው ሰው ላይ ያሳሳተኝም ይኸው ነው። ደረቅ ነበር።

ስለ ናፍጣው ጥራትም አንድ ጥያቄ አለኝ። ማደያ ሲደርቅ ከበርሜል ትቀዳለህ? አትፈር፣ ሁላችንም ቀድተናል። አንድ ሃይላንድ ሙላና ለአንድ ሌሊት አቁመው። ጠዋት በብርሃን ላይ ያዘው። ከሥር እንደ መስታወት የጠራ ነገር ተለይቶ ከተቀመጠ ውሃ ነው። ብናኝ ከተኛ አቧራና ዝገት ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ደግሞ በዓይን አይለይም፣ በሽታው ግን ኋላ ይመጣል። የእነዚህ ፖምፓዎች ቅባታቸው ናፍጣው ራሱ ነው፤ ሌላ ዘይት የላቸውም። ነጭ ጋዝ ቅባት የለውም። የምትፈራው የፖምፓ ሞት በዚህ በኩል ነው የሚመጣው። የፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ላላ አድርገህ ውሃውን አውጣ፣ ፊልትሮውንም ከ10,000 ኪሎ ሜትር አታሳልፈው።

ሦስተኛው ጠዋት ከሆነ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ጫፎቹን ፈትተህ በሙቅ ውሃና በሽቦ ብሩሽ እጠብ። ከባትሪው ወደ ሻንሲ፣ ከሻንሲ ወደ ሞተር የምትሄደዋን የመሬት ኬብል አትርሳ። ሰው ፖዘቲቩን ብቻ ያጸዳል። ቴስተር ካለህ ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪው ላይ ለካ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ዘይቱንም እይ። ቆላ የሚሠራ ሾፌር የሚወደው ወፍራም ዘይት ወረኢሉ ላይ ጠዋት ማር ይሆናል፤ ሞተሩ እንኳን ሊዞር አይንቀሳቀስም። 15 ደብሊው 40 የሆነ የናፍጣ ሞተር ዘይት አድርግበት፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይር።

ሦስቱም ጠዋቶች ምንም ለውጥ ካላመጡ ያኔ ወደ ሞተሩ ሆድ እንገባለን። መጀመሪያ ግን ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ክፈት። እንደ ጀበና አፍ ጭስ እየገፋ ከወጣ ፋሻው ደክሟል። የግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልግና አራቱን ሲሊንደር አስለካ። ጤነኛ ስሪ ኤል 30 ባር ገደማ ይሰጣል። 20 ላይ ከደረሰ ጊዜው አልቋል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 ባር መብለጥ የለበትም። «ሞተሩ ይውረድ» ያለህ ሰው ይህን ለክቷል? ካልለካ በምን አወቀ?

አሁን ሐረጎ። ይኼኛው ሌላ ነገር ነው፤ ከጠዋቱ ጋር አታምታታው።

ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ይህን ሁሉ ትወጣለህ። ደሴ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። ሞተርህ ቱርቦ ስለሌላት የምትተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። ፋብሪካው ወደ 90 የፈረስ ጉልበት ቢጽፍላት ደሴ ላይ 70 ካገኘህ አመስግን። ጉጉፍቱ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ናፍጣው ግን አልቀነሰም፤ እግርህን ስትጫን ፖምፓው ያንኑ ያህል ይረጫል። አየር ያነሰው ናፍጣ ደግሞ ጥቁር ጭስ ነው የሚሆነው። ስለዚህ አቀበት ላይ ቀለል ያለ ጥቁር ጭስ በእኛ አገር በሽታ አይደለም፣ የአገሩ ጠባይ ነው። ከኋላህ ያለውን መንገድ የሚሸፍን ከሆነ ግን በሽታ ነው።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን አውጣ። ፀሐይ ላይ ያዘው፣ ወይም ጥላ ውስጥ ከውስጡ አምፖል ወይም የስልክ መብራት አስገባበት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይረው። በኮምፕሬሰር የምታስነፋው ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ይሁን። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚነፉ ልጆች አሉ፤ አቧራውን ወደ ሞተሩ እየመገቡልህ ነው።

ቀጥሎ ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣ መጠን ብሎን ተመልከት። ከፋብሪካ ስትወጣ የታሸገች ናት። ማኅተሟ ከተሰበረ አንድ ሰው «ጉልበት ልጨምርላት» ብሎ አዙሯታል። የኛ ሰው ይህን ይወዳል። ሐረጎን ለመውጣት ናፍጣ ይጨምራሉ፤ አየሩ አልጨመረምና ትርፉ ጭስና ሙቀት ነው። እንዲህ ከሆነ ፖምፓ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ ወስደህ ወደ ቦታዋ አስመልሳት። ፖምፓው ሳይወርድ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስለ ሙቀቱ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ብዙ ሰው አይገምተውም። ወረኢሉ ላይ የባቄላ ንፍሮ ለምን እንደሚዘገይ ታውቃለህ? ደጋ ላይ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም። ደሴ ላይ 92 ገደማ ነው፣ እናንተ ዘንድ ከዚያም ያንሳል። ሞተርህ ደግሞ በጤናዋ ቀን ከ82 እስከ 95 ባለው ውስጥ ነው የምትሠራው። እንግዲያስ ራዲያተሩ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ስለሚያፍነው ነው። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታያለህ፤ ያን ያህል ባር ግፊት ይይዛል። ያ ግፊት ካለ ውሃው ደሴ ላይ እስከ 114 ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ባዶ ድስት ነው። ቆላ ላይ ምንም ያላለችህ መኪና ደጋ ላይ ትፈላለች። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ኦርጅናል ክዳን ግዛ። የፈላ ራዲያተር ላይ ግን ክዳን አትክፈት፤ ፊቱ የተቃጠለ ረዳት አውቃለሁ።

ከዚያ ራዲያተሩን ከፊት እየው። ገለባ የሚጭን መኪና ራዲያተሩ ገለባ ነው። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ አጥበው፣ የካር ዋሽ ፓምፕ አስጠግተህ ክንፎቹን እንዳታጥፋቸው። ቬንቲላተሩን ሞተሩ ጠፍቶ በጋለበት በእጅህ አዙረው። በነጻነት የሚሽከረከር ከሆነ ውስጡ ያለው ፈሳሽ አልቋል፤ አቀበት ላይ ነፋስ አይሰጥህም። ሲግል ሊከብድህ ይገባል። ቺንጋዎቹም ይታዩ።

ቴርሞስታቱስ፣ ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዘው በር፣ አለ? ይህን ጠይቄ «አለ» ያለኝ ሰው ከአሥር አንድ አይሆንም። «ሞተር ያስሞቃል» እያሉ አውጥተው ይጥሉታል። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት በር ነው። ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን ሲከፍት በአቋራጭ የሚመለሰውን ይዘጋል። አውጥተህ ስትጥለው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ከጋለው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ይመለሳል። ጠዋት ላይ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነጩ ጭስ ይረዝማል። ይኸውልህ፣ ሁለቱን ችግሮችህን የምታገናኝ አንዲት ዕቃ ካለች እሷ ናት።

ሙቀቱን ቀልድ እንዳትለው። የእነዚህ ሞተሮች ቴስታታ ሙቀት አይወድም፣ ይሰነጠቃል። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ጎማ ቱቦ ጨብጥ። ገና ሳይነሳ ጠንክሮ ከጠበቀህ፣ ወይም ክዳኑን ከፍተህ ስታስነሳ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ወይም ቴስታታው ራሱ ነው። ያኔ አትንዳት።

ስንት ኩንታል እንደምትጭን አልነገርከኝም። አልጠይቅህም፣ የወሎን ሾፌር አውቀዋለሁ። ግን መኪናዋ የተሠራችው ለአንድ ቶን ገደማ ነው፣ ለ10 ኩንታል። 18 ጭነህ ሐረጎን በአራተኛ ማርሽ እየታገልክ ከሆነ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ማርሽ ቀንስ። ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ውሃውም ነፋሱም ይፈጥናሉ። እግርህ ወለሉን ነክቶ ፍጥነት ካልጨመረ የቀረው ናፍጣ ጭስ ብቻ ነው፣ ከፍ አድርገው።

ሁለት ነገር አልጠየቅከኝም፣ ግን ሳልነግርህ አላልፍም።

አንደኛው ታይሚንግ ቺንጋው ነው፤ ቫልቮላውና ፒስተኑ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገው። ይህ ሞተር በጎማ ቺንጋ ነው የሚሠራው፣ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ዳሽቦርድ ላይ ጊዜው ሲደርስ የምትበራ መብራት አለች። በብዙ አሮጌ መኪና አምፖሏ ወጥቷል፤ ለምን እንደወጣ መገመት አያቅትህም። አባትህ መቼ እንደቀየሩት ካላወቅህ አልተቀየረም በልና ቀይር። ከተበጠሰ ቫልቮላና ፒስተን ይጋጫሉ። ጠዋት አልነሳ ስትልህ በማርሽ አስገፍተህ የምታስነሳትም ከሆነ ተው፤ ያረጀ ቺንጋ ጥርስ የሚዘለው እንዲህ ሲነቀነቅ ነው።

ሁለተኛው ቁልቁለቱ ነው። የፍሬንህ ማቅለያ የሚሠራው ከዲናሞው ጀርባ ባለች ትንሽ የአየር መሳቢያ ፓምፕ ነው። ስለዚህ ዲናሞ ስትቀይር የቤንዚን መኪና ዲናሞ ርካሽ ነው ብለው ቢሰጡህ አትቀበል፤ ባትሪውን ይሞላል፣ ፍሬኑ ግን ድንጋይ ይሆናል። ሐረጎን ስትወርድ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ፣ ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሰው አለ። ፎሌ ላይ ሞተሩ ምንም አይይዝልህም፣ ሸክሙ ሁሉ የፍሬኑ ሸራ ላይ ነው። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ዓመታት ሲቆይ እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበቱ በሙቀት ይተናል፣ ያኔ ፔዳሉ ሰመጥ ይላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ርካሽ ነው።

ልሽጣት ወይ ላልከው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ የያዘ ሰው ዋጋውን ያውቃል። ስሪ ኤል ኮምፒውተር የላትም፣ ዕቃዋ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ይገኛል፣ በቁልፍና በካቻቢቴ የምትጠገን ሞተር ናት። አሁን በዚህ ጭስ ብትሸጣት ገዢው ጠዋት ስትነሳ ያያትና ግማሽ ዋጋ ይሰጥሃል። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳንና ቴርሞስታቱን፣ ከዚያ የተቃጠለችዋን ካንዴላ ቀይር። ከዚያ በኋላ ልሽጥ ካልክ ያንተ ነገር ነው።

ሦስቱን ጠዋት ስትጨርስ ያየኸውን ጻፍልኝ። የእጅ ፓምፗን ስንት ጊዜ ተጭነህ እንደጠነከረች ቁጥሩን ንገረኝ፣ «ብዙ ጊዜ» አትበለኝ። ሃይላንዱንም ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።